ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ዘፈን

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬ የወጣልኝ የሠርግ ዘፈን ነው። ጭብጨባው የበዛበት፣ ሙሽራዋን ከቤቷ ሲያወጧት የሚዘፈነው ዓይነት። ሳታገባ ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሞላት ሴት በጠዋቱ ጥሩ ስድብ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ከአሰላ መናኸሪያ ሲነሣ ስልኬን ዘፈን በዘፈቀደ የሚያወጣው ሻፍል ላይ አደርግና ዓይኔን ጨፍኜ እነካዋለሁ። መጀመሪያ የመጣው ዘፈን የቀኑ ዕጣዬ ነው። ዘፈኖቹን የጫነልኝ የስልክ ቤቱ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ሚሞሪው ላይ ገልብጦታል፤ መዝሙር አለ፣ የድሮ ትዝታ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ ሱዳንኛ አለ፣ ምን እንደሚል የማላውቀው የህንድ ዘፈንም አለ። መዝሙር ከመጣ ቀኑ ሰላም ነው። ትዝታ ከመጣ ምጥ ይረዝማል። የህንዱ ሲመጣ አብራኝ የምታዋልደው ሩዋይዳ ከሥራ ትቀራለች፤ ይሄኛው እንኳ ደጋግሞ ደርሷል። ሁሩታ ጤና ጣቢያ የምሠራ፣ የተማርኩ አዋላጅ ነርስ ነኝና ይህን ለማንም አልናገርም።

ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቀመጠው ባንተአምላክ ሁሩታ ፊዚክስ ያስተምራል። ዛሬ ማዳመጫው ለምን አስፈለገሽ፣ መኪናው ሙሉ አብሮሽ እየሰማ አይደለም ወይ አለኝ። ሳቅሁ። ስልኩም ተባበረው፤ ድምፁን ከዚህ በላይ መጨመር ጆሮ ይጎዳል የሚል ጽሑፍ አወጣብኝ። «እሺ» የሚለውን ነካሁና ጨመርኩት።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ኢተያ ላይ ሰው ለመጫን ስንቆም ሾፌሩ ሞተር አጠፋ። ዘፈኔም አብሮ ደከመ። ከበሮው ጭራሽ የለም፣ ዘፋኟ ብቻዋን በቀጭኑ ትጮኻለች። ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም ተመለሰ።

ማዳመጫው ነው። መናኸሪያ በር ላይ የተገዛ ዕቃ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል። ነገ ሌላ እገዛለሁ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተዋረድኩ።

ዕጣዬ መዝሙር ነበር፤ ሰላም ቀን ነው ብዬ ገባሁ። ዶፕለሩ፣ የፅንሱን የልብ ምት ጮክ አድርጎ የሚያሰማው መሣሪያ፣ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ለጥገና ሄዷል ይባላል። ስለዚህ የምንሠራው በጥንቱ ፌቶስኮፕ ነው፤ አንዱን አፉን ሆድ ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ነው። ተማሪ ከነበርኩ ጀምሮ ያደረግኩት ነገር ነው። የልጁ ጀርባ በየት በኩል እንደሆነ በእጄ ዳብሼ አገኛለሁ፣ ጆሮዬን አስቀምጣለሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ እቆጥራለሁ። በዚህ ሥራ የሚበልጠኝ ሰው አላየሁም። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ እውነት ነው።

ረፋዱ ላይ ምጥ የያዛት ሴት መጣች። ጎንበስ አልኩ። ምንም። ቦታ ቀየርኩ። ምንም። ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ እምብርቷ።  አምቡላንስ ይጠራ፣ ወደ አሰላ እንላካት አልኩ፤ የልብ ምቱን አጣሁት ያልኩት ግን ከሚገባው በላይ ጮኼ ሳይሆን አይቀርም። ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች፣ አማቷ ደረቷን ደቃች፣ ባልየው ወደ መንገዱ ሮጠ። ሩዋይዳ ሻይዋን ጥላ መጣች። ፌቶስኮፑን እኔ ካስቀመጥኩበት ቦታ ሳታነሣው ጆሮዋን አስጠጋችና ሳቀች። እንዲያውም እየጋለበ ነው አለች። ምቱን በጣቷ አልጋው ብረት ላይ እየመታች አሳየችኝ።

ልጁ ከቀትር በኋላ ተወለደ። ሲያለቅስ ጥርት ብሎ ሰማሁት፤ ስለዚህ ጆሮዬ ይሰማል። ደክሞኝ ነው።

ኃላፊያችን አቶ ይስሃቅ ማታ ቢሮ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሳታረጋግጪ ሰው አታስደንግጪ አሉኝ። ባልየው ነገ ገበያ ላይ ያወራል፣ ሴቶቹ ደግሞ ከእነሱ ጋ ሄዶ ከመደንገጥ ብለው እቤታቸው ይወልዳሉ፤ ስንት ዓመት የለፋንበት ነገር ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁለተኛ አይደገምም አልኳቸው።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ሌሊቱን አልተኛሁም። እንዲህ እየተደናበርኩ ነው።

እማዬ ጆሮዋ የከበደው እኔን ወልዳ አራስ ቤት እያለች ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ሁሉ በጩኸት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት፣ እነ አፀደ ቤት፣ ምን ተበልቶ እንዳደረ ያውቃል። ዛሬ ማታ ምስር ስለቅም ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ስልክሽ እየጠራ ነው» አለች። መብራቱን አይታ ነው። ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

አንቺንም ጀመረሽ እንዴ አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። «ተይ ልጄ፣ እኔም ደክሞኝ ነው እል ነበር» አለችና ምስሩን ከፊቴ ሳበችው።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

አዲስ ማዳመጫ። ያው ነው። የስልክ ቤቱ ልጅ በራሱ ጆሮ ሞከረውና ሲስተር ይሄማ ኮንሰርት ነው አለኝ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ጥሩ ቀን።

ከኢተያ ወዲያ ኮምባይነር መንገዱን ይዞ በኤሊ እርምጃ ተጓዝን። ስንዴው በሁለቱም በኩል እየታጨደ ነው፤ ሚኒባሱ ይንጫጫል፣ ኮምባይነሩ ያጓራል፣ ረዳቱ ይጮኻል። እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል ዘፈኔን አንድ ሳይቀር እሰማለሁ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች የአንዲትን ምራት ስም ሲያጠፉ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሰማሁ። ልጅቷ ሰነፍ እንኳ አይደለችም፣ ጥፋቷ ዝምታ ነው። ጆሮው የደከመ ሰው ይህን ይሰማል? አይሰማም። እማዬን ጠላሁ ማለት አይደለም፣ ግን ሟርቷ በቃኝ።

ባንተአምላክ አንዱን ማዳመጫ ተቀብሎኝ አብረን ሰማን። ሻፍሉ ኦሮምኛ አመጣ። ከበሮው እንዴት ያምራል አለኝ። የቱ ከበሮ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ቦርሳው ላይ በጣቱ እየመታ ተከተለው፤ እኔም እሱን እያየሁ ተከተልኩ። እንዲህ ሆኖ ሁሩታ ባይደረስ ብዬ ተመኘሁ። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ ምን ይሁን።

ማታ

በተመላሹ መኪና ባንተአምላክ ኩርፍ ብሎ ነበር። ጠዋት ስንወርድ ከኋላዬ አንድ ነገር ጠይቆኝ መልስ ሳልሰጠው ሄድኩ አሉ። ምን ነበር የጠየቅከኝ አልኩት። ተይው አለ። ንገረኝ ብዬ ለመንኩት። አንዴ የሚጠየቅ ነገር ነበር አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

አዳማ ሄጄ መጣሁ። እማዬን ልብስ ልገዛ ነው ብያታለሁ፤ ሻርፕ ገዝቼላታለሁ።

የጆሮ ሐኪሙ ብዙ የተለየ ነገር አላለም። መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል አስገቡኝ፣ ማዳመጫ አደረጉልኝ፣ ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ አሉኝ። ማሽኑ እስኪጀምር ብዙ ጠበቅኩ። ለካ ጀምሮ ነበር።

ጫጫታ ውስጥ ይሻልሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳልፈልግ ደነገጥኩ። ቤተሰብ ውስጥ ማን አለ አለኝ። እናቴ አልኩት። ጆሮ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት እየደነደነች ነው፣ በዘር የሚሄድ ነው፣ ወፍራም ድምፆች ቀድመው ይሄዳሉ አለ። መኪና ውስጥ የሚሻለኝ ደግሞ ሰው ሁሉ ጫጫታውን ለማሸነፍ ስለሚጮኽ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚመለሰው ከበሮዬም የወንበሩ ንዝረት ነው። እኔ ጤነኛ ስለሆንኩ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ነው፣ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው፣ ተራው ዓመትም ይፈጃል፣ ተደርጎም ላይመለስ ይችላል። በጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ለወሬ ይረዳሽ ይሆናል አለ።

ሥራሽ ምንድን ነው አለኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አልኩት። ውሸት አይደለም።

የቢሮ ሥራ ከሆነ ችግር የለውም አለ። ችግር የለውም ብሏል።

ስመለስ ሻፍሉ ትዝታ አመጣልኝ። ክራሩን ክር በክር ሰማሁት። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ልጄ ማን ሞተብሽ እስኪሉኝ አለቀስኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

አንዳንድ ነገር እየለመድኩ ነው። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን አያለሁ። ግድግዳ ስር አልቀመጥም፣ በር የሚታይበት ቦታ እይዛለሁ። ያልገባኝን ራሴን ነቅንቄ አሳልፋለሁ፤ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ከዚህ በላይ አይፈልግም።

ፌቶስኮፑ ላይ የሆነ ነገር ይሰማኛል። የልጁ ይሁን የራሴ ደም አላውቅም። በደቂቃ መቶ አርባ ብዬ እጽፋለሁ። ሩዋይዳ ስትሰማውም መቶ አርባ አካባቢ ነው። አብዛኞቹ ልጆች መቶ አርባ ናቸው። ሩዋይዳ ካለች በሰበቡ እጠራታለሁ፣ ያንቺ እጅ ይሻላል፣ ወገቤን አሞኛል እላታለሁ። አንድ ቀን ቀና ብላ አየችኝና ፌቶስኮፑን ከእጄ ወሰደች።

ብናገር ከማዋለጃ ክፍል ያወጡኛል። ካርድ ክፍል አቧራ ሳራግፍ እድሜዬ ያልቃል። ወይም ቤት፣ ከእማዬ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንጯጯኽ። ሌላ ምን አለኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ልጆቻቸውን እየገፉ ያቺ ናት ያወጣችህ ማለታቸው ነው። ይህን ብቻ ነው ያለኝ። ልሰጠው አልችልም።

የገና በዓል ሲያልፍ እናገራለሁ። ዶፕለሩም እስከዚያ ይመጣል።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ሩዋይዳ ከሰኞ ጀምሮ ለክትባት ዘመቻ ገጠር ትወጣለች። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። አቶ ይስሃቅ ዘንድ ሄጄ ሌላ ሰው ይሂድ አልኳቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝ። ደክሞኛል አልኳቸው። አንቺ እኮ ለሁለት ሰው ትበቂያለሽ አሉኝ፤ ለማመስገን ነው።

ፈርቻለሁ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሞቶ ተወለደ። ወንድ። አልጽፍም።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

አልሄድኩም፣ አሞኛል ብዬ ደወልኩ። እማዬ አጥሚት ሠርታ አጠገቤ አስቀመጠች፣ ቀዝቅዞ ቆዳ አወጣ።

እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ሌላ ነገር አድርጌ ለራሴ እንደምነግረው አውቃለሁ።

አሚራ ትባላለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። አማቷ በባጃጅ ይዘዋት መጡ። ገና ማለዳ ነው፣ ግቢው ውስጥ ሰው የለም፣ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። አሚራ ሰው ፊት አታይም፤ ጣሪያውን እያየች ነው በቀስታ የምታወራው። አንድ ሁለት ነገር አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት። አይዞሽ አልኳት።

ዳበስኩ፣ ጀርባውን አገኘሁ፣ ጎንበስ አልኩ። ምንም። ቦታ ቀየርኩ። ምንም። ያኔ የጥቅምቷ ሴት ትዝ አለችኝ። ያን ቀንም እንዲሁ ምንም ነበር፤ ልጁ ግን ሩዋይዳ እንዳለችው ይጋልብ ነበር። ይሄ ዝምታ የኔ ነው እንጂ የእሱ አይደለም አልኩ። አማቷ ኮሪደሩ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ባስጮኻቸው፣ ባስለቅሳት፣ አምቡላንስ ጠርቼ አሰላ ብልካት፣ እዚያ ደግሞ አንዱ ተለማማጅ ጆሮውን አስቀምጦ ቢስቅ ብዬ አሰብኩ። መቶ አርባ ብዬ ጻፍኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና። መቶ አርባ። እንደገና። መቶ አርባ።

ከቀትር በኋላ የእንሽርት ውኃው ሲፈስ አረንጓዴ ነበር፤ ልጁ ሆድ ውስጥ ተጨንቋል ማለት ነው። ያኔ ሮጥኩ። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ባጃጅ እስኪመጣ ጭንቅላቱ ደረሰ። ወጣ። አሸሁት፣ ተነፈስኩለት፣ ደረቱን ተጫንኩ። ክንዴ እስኪዝል አልተውኩም። አሚራ የምታየው እኔን ነበር።

ቆዳው አልተላጠም፣ ከንፈሩም አልጠቆረም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አዋላጅ ያውቃል፤ ከሞተ ብዙ አልቆየም። ጠዋት ስትመጣ በሕይወት ነበረ ይሆን? የመጀመሪያውን ጊዜ ጎንበስ ስል ልቡ እየዘገየ እየመታ ነበር ይሆን? ያኔ ወደ አሰላ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ይጠባ ነበር። ወይም ከቤቷ ሳትወጣ ሞቶ ነበር። በዚያች ሰዓት የነበረው ዝምታ የማን እንደነበረ እስክሞት አላውቅም።

አማቷ ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ። የአላህ ነው፣ አንቺ ለፍተሻል አሉኝ። እጄን አልነጠቅኳቸውም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ሥራ ገብቻለሁ። ትናንት ሌላ ሴት ወለደች፣ ሴት ልጅ፣ ደህና ናት። ሩዋይዳ ነች የሰማችላት፣ ዘመቻውን ለግማሽ ቀን ትታ መጥታ ነበር። ማን እንደጠራት አልጠየቅኩም።

በመኪና ዘፈን ከፍቼ ነበር። አምላኬ ሆይ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። መሰንቆው፣ አጃቢዎቹ፣ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ። ሞተሩ እያጓራ እኔ ሁሉንም እሰማለሁ። ለዘፈን ይሰማል፣ ለሐሜት ይሰማል። ማዳመጫውን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ባንተአምላክ ከሾፌሩ አጠገብ መቀመጥ ጀምሯል። ጥሩ አደረገ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

እነ አሚራ እርጎ ላኩልኝ። በጮጮ፣ ክዳኑ በዛጎል ባጌጠ የወተት ዕቃ፣ የቤት ሳይሆን የእንግዳ። ያመጣው የባሏ ወንድም ነው፤ ላደረግሽው ልፋት ነው ብሎ አስቀምጦ ሄደ። ሩዋይዳ አየችው። እኔም አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ዋለ።

መጣል አይቻልም። መጠጣትም አልቻልኩም። ማታ ቤት ወስጄ ለእማዬ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ከየት ነው፣ እንዴት ይጣፍጣል አለች። የሰው ጮጮ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፣ አንድ ነገር ይደረግበታል። ስኳር ይሁን፣ ማር ይሁን፣ ልጅ ለሞተበት ቤት ምን ተደርጎ እንደሚመለስ እማዬን መጠየቅ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ለአቶ ይስሃቅ ነገርኳቸው። ሁሉንም። አዳማን፣ ፌቶስኮፑን፣ መቶ አርባውን። በራቸውን ዘግቼ፣ ከንፈራቸውን እያየሁ።

 ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ። «ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። ቤተሰቡ አመስግኗል፣ ክስ የለ፣ አቤቱታ የለ፣ ልጁም አይመለስ አሉ። ይህ ነገር ቢወራ አንዲት ሴት ወደዚህ አትመጣም፣ ስንቷ እቤቷ ደም ሲፈሳት እንደምትሞት አስቢ አሉ። ሌላ አዋላጅ እስኪመደብ ቢያንስ ክረምት ይሆናል። እስከዚያ እንደምንም ቀጥይ፣ ሩዋይዳ ትረዳሻለች አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እንባ በዓይናቸው ነበር፣ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጮጮውን ልመልስ ሄድኩ። ስኳር ሞላሁበት፤ ሌላ አልመጣልኝም። ሚኒባስ ላይ ስልኬን አልነካሁም። ከሁሩታ በባጃጅ፣ ከዚያ ታጭዶ ባዶ በቀረው የስንዴ ማሳ መሀል በእግር። ለምን እንደምሄድ በልቤ አውቅ ነበር፣ እግሬ ግን ዕቃ ለመመለስ ነው እያለ ይሄድ ነበር።

አማቷ አቅፈው ተቀበሉኝ። ሲስተራችን መጣች ብለው ጎረቤት ጠሩ፣ ሁለት ሴቶች ገብተው ተቀመጡ። ጮጮውን ከፍተው ስኳሩን ሲያዩ መረቁኝ። ምርቃቱን በእጃቸው አወጣጥ ነው ያወቅኩት። አሚራ መደቡ ላይ ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች። ጡቷን በጨርቅ አስራዋለች፤ ወተቱ መጥቶ መሆኑ ነው።

ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ከብቱ ግጦሽ ሄዷል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መኪና የለ፣ ንፋስ እንኳ የለ። ሰዎቹ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። አሚራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር አለች። ራሴን ነቀነቅኩላት።

እየነቀነቅኩ መሆኔ ድንገት ታወቀኝ። 

«አሚራ፣ ያልሽውን አልሰማሁሽም» አልኩ። «ጆሮዬ አይሰማም። ያን ቀንም አይሰማም ነበር። እባክሽ ድገሚልኝ።»

ሁሉም አፋቸው ቆመ። አሚራ ተነሣች። ወገቧን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፣ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። ድምፅ ማውጣት የማታውቅ ልጅ ናት፤ ሲወጣላት ተሰነጣጠቀ።

«ያን ቀን ነግሬሽ ነበር» አለች። «ከሌሊት ጀምሮ ሂን ሶቾኡ፣ አይንቀሳቀስም አልኩሽ። ሁለቴ አልኩሽ። አንቺ እሺ አልሽኝ። አሁን የጠየቅኩሽ ያኔ ሰምተሽኝ ነበር ወይ ብዬ ነው።»

አልሰማሁሽም አልኳት። በአማርኛም በኦሮምኛም አልኳት።

ፈቀቅ ብላ ፊቴን አየችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ እንዴት በወደድኩ። እንዲገባት የምትፈልግ ልጅ ናት እንጂ የተቆጣች አይደለችም። ጮክ ብላ፣ ከንፈሯ በደንብ እየታየኝ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ጆሮሽን ሆዴ ላይ ለምን አደረግሽው?»

አማቷ ጮጮውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። ሁለቱ ጎረቤቶች እኔን ነው የሚያዩት።  ተነሥቼ ወጣሁ፤ የተከተለኝ ሰው አልነበረም፣ ቢከተለኝም አልሰማም።

መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ ለአቶ ይስሃቅ ደወልኩ። ሰኞ ማዋለጃ ክፍል አልገባም፣ ከሰኞም ወዲያ አልገባም አልኳቸው። ብዙ ተናገሩ። ምን እንዳሉኝ አላውቅም፣ ሲጨርሱ ዘጋሁት።